ለኢፍጣር መቻኮል ሱና ነው፤ በመንገድ ላይ መሽቀዳደም ግን አይደለም

 

በረመዳን ወር በየመስጂዱ ስለ ፆም አዳብ ብዙ ይነገራል። ምላስን ስለመጠበቅ፣ ዓይንን ስለመስበር፣ ሆድን ስለመቆጣጠር እንመክራለን። ስለ መንገድ ግን እምብዛም አናነሳም። ዛሬ መናገር የፈለግሁት ከዐስር ሰላት በኋላ እስከ መግሪብ አዛን ስላለችው ሰዓት ነው፤ በዚያች ሰዓት ከሥራው በብስክሌት ወደ ቤቱ ስለሚመለሰው ወንድማችንና ልጃችን።

አጋርፋ ላይ ብስክሌት የልጆች መጫወቻ ብቻ አይደለም። መምህሩ፣ ግንበኛው፣ ነጋዴው፣ የቢሮ ሠራተኛው እንጀራ ፍለጋ ይወጣበታል። በሮቤና በጎባም እንዲሁ ነው። ቤንዚን አይጠይቅም፤ የባጃጅ ሒሳብ ያድናል፤ ለጤናም ይበጃል። የአላህ ኒዕማ ነው። አባቶቻችን በፈረስ ይመላለሱ ነበር። የባሌ ፈረስ ጉድጓድ ሲያይ ይቆማል፤ ጌታው ቢያንቀላፋ እንኳ የቤቱን መንገድ አይስትም። ብስክሌት ግን ዓይን የለውም። ዓይኑም ልጓሙም የተቀመጠበት ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ በረመዳን ከንጋት ጀምሮ ውሃ አልቀመሰም።

መግሪብ ሲቃረብ ብዙ ነገር በአንድ ላይ ይገጥማል። የፆመ ሰው ጉልበቱና ንቃቱ ዝቅ የሚልበት ሰዓት ነው። ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰው ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ትገባለች። ከብቱ ከግጦሽ ይመለሳል፤ መንገደኛው ጥቁር ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ተከናንቦ በጠርዝ ይሄዳል። ሚኒባሱም፣ ባጃጁም፣ አይሱዙውም ሳይመሽ ለመድረስ ይሮጣሉ። ረመዳን ከጋና ዝናብ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ጭቃውና ጉሙ ይጨመራል። በዚህ ሁሉ መካከል ከለላ የሌለው ባለ ብስክሌቱ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በትራፊክ አደጋ ይሞታል። ከሟቾቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ባለ ብስክሌቶችና ባለ ሞተሮች ናቸው። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን ከሁሉ በላይ የሚቀጥፈው ይኸው የመንገድ አደጋ ነው። እነዚህ ልጆቻችንና የቤታችን ምሰሶ የሆኑ ወጣቶች ናቸው።

ለጥድፊያው የሚቀርበው ምክንያት ብዙ ጊዜ ዲን ነው። «ኢፍጣርን ማቻኮል ሱና ነው አይደል?» ይባላል። አዎ፣ ሱና ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎች ፍጡርን እስካቻኮሉ ድረስ በመልካም ላይ እንደሚቆዩ ማስተማራቸው ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ተረጋግጧል። የሐዲሱ ትርጉም ግን ፀሐይ መጥለቋ ከተረጋገጠ በኋላ ያለ ምክንያት አታዘግዩ ማለት ነው። ቤትህ ደርሰህ፣ ሰፍራህ ላይ ተቀምጠህ፣ ሾርባህን ይዘህ ካልሆነ አይሆንም አላለም። አንድ ቴምርና ጉንጭ ውሃ ኪሱ ውስጥ የያዘ ሰው አዛን ሲሰማ ብስክሌቱን ከመንገድ አውጥቶ፣ ቢስሚላህ ብሎ ቢያፈጥር ሱናውን በሙሉ አግኝቷል። የሚያሽቀዳድመው ነገር የለም።

ይልቁንስ መቸኮልን በተመለከተ ሌላ ትምህርት አለን። ኢቃማ የሰማ ሰው እንኳ ወደ ሰላት ሲሄድ በእርጋታና በክብር እንዲሄድ፣ እንዳይሮጥ ነቢያችን አዘዋል። ከዐረፋ በተመለሱበት ቀንም ግመሎቹን የሚነዱትን ሰዎች እንዲረጋጉ መክረዋል፤ በጎነት በፍጥነት እንዳልሆነ ነግረዋቸዋል። ለሰላት መሮጥ ካልተፈቀደ ለሳምቡሳ መሮጥ እንዴት ይፈቀዳል? ሉቅማን ልጁን ሲመክር በአካሄዱ መካከለኛ እንዲሆን ማሳሰቡን ቁርኣን ነግሮናል። ይህን ምክር ዛሬ ለልጆቻችን ስናስተላልፍ መንኮራኩሩም ይካተታል።

አንዳንዱ ደግሞ «አጀሉ የደረሰ ሰው ከቤቱም ቢቀመጥ አያመልጥም» ይላል። በቀደር ማመን የኢማን ማዕዘን ነው፤ ቀደርን ለግዴለሽነት ሽፋን ማድረግ ግን ከዲን አይደለም። ግመሉን ልቀቀውና በአላህ ልመካ ወይ ብሎ ለጠየቀው ሰው የተሰጠው መልስ አስረህ ተመካ የሚል ነበር። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ተመለሱ። ከአላህ ውሳኔ ትሸሻለህ ወይ ሲባሉም ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ እንደሚሸሹ መለሱ። ፍሬን ማስጠገን፣ መብራት መግጠም፣ ሄልሜት ማድረግ እንደዚሁ ነው። የተወኩል ግማሹ ነው እንጂ ተቃራኒው አይደለም።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝን ልንገራችሁ። በሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ 92 መሠረት ምእመንን በስህተት የገደለ ሰው ሁለት ነገር አለበት። ለሟች ቤተሰብ ዲያ፣ ማለትም የደም ካሳ ይሰጣል፤ ባሪያ ነፃ ማውጣት ያልቻለ ደግሞ ሁለት ወር በተከታታይ ይፆማል። ሳያስብ ነው፣ ሳይፈልግ ነው፤ ግን ተጠያቂ ነው። ዑለማዎች ይህን ፍርድ በቸልተኝነት ሰው ለሚገድል አሽከርካሪም ያውሉታል። እንግዲህ አስቡት፤ የአንድ ቀን ኢፍጣር በአምስት ደቂቃ እንዳይዘገይበት የነዳ ሰው ሁለት ወር ሙሉ ይፆማል። በእኛ ባሌ ደም ሲፈስ ሽማግሌ ለጉማ ይቀመጣል፤ እርቅ ይወርዳል፤ ቤተሰብም ይታረቃል። የሞተው አባት ግን ለኢፍጣር አይመለስም።

የዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1993 በብሩናይ ባደረገው ጉባኤ ከሸሪዓ ጋር የማይጋጩ የትራፊክ ሕጎችን ማክበር ሸሪዓዊ ግዴታ መሆኑን ወስኗል። ቀኙን ይዞ መሄድ፣ መብራት መግጠም፣ ለእግረኛ መቆም የፖሊስ ጉዳይ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ስለዚህ ልጄ ሆይ፣ ከቤትህ ስትወጣ የመጓጓዣውን ዱዓ አድርግ፤ ከዚያም ፍሬንህን ጨብጠህ ሞክር። በዝናብ የረጠበ ጎማ ላይ ፍሬን ቶሎ አይዝም፤ ቀድመህ ቀስ በል። ከጎባ ወደ ሮቤ ያለው ቁልቁለት ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቅ። ከፊት ነጭ መብራት፣ ከኋላ ቀይ መብራት ወይም አንፀባራቂ ይኑርህ። ነጭ ጀለቢያ ወይም ነጭ ጃኬት በምሽት ከሩቅ ይታያል፤ ጥቁር ጋቢ ግን ይሰውርሃል። ሽርጥህን፣ የጀለቢያህን ጫፍ ሰብስብ፤ ሰንሰለት ይይዘዋል። ከኋላ የምትቀመጥ እህታችንም ጅልባቧን ከመንኮራኩሩ ታርቅ። በዳገት የጭነት መኪና ጭራ ይዘህ አትጎተት። ከጓደኛህ ጋር ጎን ለጎን እያወራህ አትንዳ።

በጆሮህ ኢርፎን ሰክተህ ቁርኣን እያዳመጥህ መንዳትንም ተው። ቁርኣን ሲቀራ ጸጥ ብለን እንድናዳምጥ ታዘናል፤ መንገድ ደግሞ ጆሮህን ሙሉ ይፈልጋል። ሁለቱን በአንድ ጆሮ ማስተናገድ ለሁለቱም በደል ነው። ቤትህ ግባና አዳምጥ።

ጉዞ ላይ ዓይንህ ከጨለመብህ፣ ራስህን ካዞረህ ውረድ፤ ጥላ ሥር አረፍ በል። ለሕይወትህ የሚያሰጋ ድካም ከመጣ ማፍጠር ተፈቅዷል፤ ቀኑን ከረመዳን በኋላ ትከፍላለህ። ራስን ወደ ጥፋት መጣል ግን በቁርኣን የተከለከለ ነው።

ይህ ሁሉ የባለ ብስክሌቱ ድርሻ ነው። የቤተሰቡ ድርሻም አለ። ብዙ ጊዜ ሰውየውን የሚያሯሩጠው ስልኩ ነው። «የት ደረስህ? ሾርባው ቀዘቀዘ፤ ልጆቹ እየጠበቁህ ነው» የሚለው ጥሪ በፍቅር የተደወለ ቢሆንም በመንገድ ላይ ጅራፍ ይሆናል። እናቶችና እህቶች ሆይ፣ ጠዋት ሲወጣ ሦስት ቴምር በወረቀት ጠቅልላችሁ ኪሱ ክተቱለት፤ ከመግሪብ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ደግሞ አትደውሉለት። ከዱዓ ጋር «በቀስታ ና» በሉት። አዛን ሊባል ሲል የጎደለ ነገር ብትፈልጉም ልጅ በብስክሌት ወደ ሱቅ አትላኩ። የሎሚ ወይም የሳምቡሳ ጉድለት ኢፍጣርን አያጎድልም።

አሠሪዎችም በረመዳን ሠራተኛን ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ቢያሰናብቱ ሰደቃ ነው። ባለ ባጃጆችና ባለ አይሱዙዎች ብስክሌትን ሲያልፉ ሰፊ ቦታ ይተዉ፤ ጥሩምባ ከኋላው አያስጮኹ፤ ይደነግጣልና። በየመስጂዱ ያለን ኢማሞች ከተራዊህ በፊት ሁለት ደቂቃ ስለ መንገድ እንናገር። ሰደቃ ለመስጠት የሚያስብ ባለሀብት ማታ ከተራዊህ በጨለማ ለሚመለስ ወጣት አንድ መብራት ቢገዛለት ምንዳው ቀላል አይደለም። ከመንገድ ላይ አስቸጋሪን ነገር ማስወገድ ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ ነው፤ አስፋልቱ ላይ የተጣለች ድንጋይን ማንሳትም፣ የጨለመን መንገድ ማብራትም በዚያው ይገባሉ።

ኢንሻ አላህ ዒድ ይመጣል። በዚያ ቀን ልጆች አዲስ ልብስ ለብሰው ብስክሌት ተከራይተው በየመንደሩ ይሽከረከራሉ። ወላጆች ሆይ፣ ገንዘቡን ከመስጠታችሁ በፊት ፍሬኑን ሞክሩት፤ ከዋናው መንገድም አርቋቸው። አላህ ፆማችንን ይቀበለን፤ የወጣውን ሁሉ በሰላም ወደ ቤቱ ይመልስልን። አሚን።