የሩዝ ቅርፊት ጭስ ምላሽ ይሻል

በፎገራ ሜዳ የሩዝ ምርት ሲሰበሰብ በወረታ ከተማ የሚገኙ የመፈልፈያ ወፍጮዎች ሥራ ይበዛባቸዋል። በ1970ዎቹ በጅግናና በሻጋ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ድጋፍ የተጀመረው የሩዝ ልማት ወረዳውን በአገሪቱ ከታወቁት ሩዝ አምራቾች ተርታ አሰልፎታል። ከምርቱ ጋር አብሮ ያደገው ተረፈ ምርት ግን የዚያኑ ያህል ትኩረት አላገኘም።

ከአንድ ኩንታል ያልተፈለፈለ ሩዝ 20 ኪሎ ግራም ያህል ቅርፊት ይወጣል። ገለባው ለከብት መኖ ይውላል። ቅርፊቱ ግን ሻካራና የምግብ ይዘቱ አነስተኛ በመሆኑ ለመኖነት እምብዛም አይፈለግም፤ በየቦታው ተከምሮ በእሳት እንዲወገድ ይደረጋል።

የጤና ስጋቱ የሚመነጨው ከዚህ ነው። ክምሩ በቂ አየር ስለማያገኝ ውስጥ ውስጡን እየጨሰ ይቆያል። ያልተሟላው ቃጠሎም ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ደቃቅ ብናኝና ካንሰር የማምጣት ባሕርይ ያላቸውን ውህዶች ወደ አየር ይለቃል። በአብዛኛው ሲሊካ የሆነው አመድም በነፋስ ይበተናል። ከ2 ነጥብ 5 ማይክሮ ሜትር ያነሱ ብናኞች ወደ ሳንባ ጠልቀው በመግባት የመተንፈሻ አካላትንና የልብ ሕመምን ያባብሳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 ባወጣው መመሪያ የእነዚህ ብናኞች ዓመታዊ አማካይ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ መክሯል።

ወፍጮና መኖሪያ ቤት በተጎራበቱባቸው ከፊል ከተሞች ጉዳቱ ድርብ ነው። በማገዶና በኩበት ጭስ የምትቸገር እናት ከቤት ስትወጣም ሌላ ጭስ ይጠብቃታል። የወፍጮ ሠራተኞች ደግሞ ቀኑን ሙሉ በአቧራ ውስጥ ይውላሉ።

የሕግ ማዕቀፉ አስቀድሞ ተዘርግቷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 የንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብትን ደንግጓል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው ጉዳት እንደደረሰበት ማስረዳት ሳያስፈልገው አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። የሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ አካል በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ አቤት ባዩ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት መውሰድ ይችላል። ስለሆነም የአቤቱታ መዝገብን በወቅቱ መመርመር የሕግ ግዴታ እንጂ የበጎ ፈቃድ ሥራ አይደለም።

መፍትሔውም ከአቅም በላይ አይደለም። ቅርፊቱን ጨምቆ ለማገዶ ማዋል፣ ለወፍጮዎች ከመኖሪያ የራቀ ቦታ መስጠትና ለሠራተኞች የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ እንዲቀርብ ማድረግ ይቻላል። የንግድ ፈቃድ የሚያድሰው፣ ቦታ የሚመራውና ጤናን የሚቆጣጠረው ጽሕፈት ቤት ተናበው ከሠሩ ሩዙ ለገበሬው ገቢ፣ ቅርፊቱም ለከተማው ማገዶ ይሆናል።