ከቀጠሮ የቀረው ይቆጠር

በምሥራቅ ጎጃም ከቢቸና ወይም ከደጀን ገጠር ተነስቶ ለአእምሮ ሕክምና ደብረ ማርቆስ የሚመላለስ ገበሬ ወጪው የመድኃኒት ብቻ አይደለም። አስታማሚውም ይሳፈራል፤ ሁለት ሰው ሥራ ፈትቶ ይውላል። ቀጠሮው አጨዳ ላይ ከወደቀ አጨዳው ይቀድማል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የዘለቀው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ቆርጦ የተነሳውም ከመንገድ ይመለሳል።

የተለመደው ሪፖርት ግን የሚቆጥረው የመጡትን ነው፦ ስንት ካርድ ወጣ፣ ስንት ሰው መድኃኒት ወሰደ። የተመላላሽ ሕክምና መመዘን የነበረበት በቀረው ሰው ነው።

ሕክምናውን ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ማውረድ አንዱ መልስ ነው፤ ምክንያቱም የመንገዱ ርቀት ብቻ አይደለም። ቡታጅራ ላይ 919 ጽኑ የአእምሮ ሕሙማን ለ10 ዓመት ክትትል ተደርጎባቸው ነበር። 121ዱ ሞቱ፤ ያውም ከሌላው ሰው 30 ዓመት ያህል ቀድመው። ከሟቾቹ ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነው፤ ጤና ጣቢያ ዘወትር የሚያክመው ዓይነት። የአእምሮ ሕክምናን ከሌላው ሕክምና ጋር በአንድ ጣራ ሥር ማዋል ያስፈለገው ለዚህም ጭምር ነው። ጥራቱ ይወርዳል የሚለው ስጋት እዚያው አካባቢ ተፈትሿል። 329 ሕሙማን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ የሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ክትትል ከአእምሮ ሕክምና ነርሶች ክትትል እንደማያንስ አሳይቷል።

ይበልጥ የሚያነጋግረው በሶዶ ወረዳ የተደረገው ሙከራ ነው። 48 ቀበሌዎች ለሁለት ተከፈሉ፤ የተሳተፉት 166 የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን ናቸው። በገሚሶቹ ቀበሌዎች የጤና ጣቢያው ሕክምና ብቻ ተሰጠ። በቀሩት ላይ ከአካባቢው ተመልምለው የሠለጠኑ ሠራተኞች ቤት ድረስ እየሄዱ ቤተሰብ አወያዩ፣ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ ተከታተሉ፣ ታማሚው ወደ ሥራና ወደ ሰው እንዲመለስ አገዙ። ከዓመት በኋላ የዕለት ኑሯቸውን በመምራት የተሻሉት ቤታቸው ድረስ የተሄደላቸው ሆኑ።

ለምሥራቅ ጎጃምም ሚዛኑ ይኸው ይሁን። ታካሚው ሞፈር ጨብጧል? እድሩ ላይ ይቀመጣል? ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያመራው ወደ ጠበል ነው፤ እዚያ ሰንብቶ ኪኒኑን የተወውን ፈልጎ የሚያገኘው ከአጥማቂው ጋር ተቀምጦ የሚነጋገር ባለሙያ እንጂ ካርድ ክፍል አይደለም።

የሚያስቸግረው ከፋዩ ነው። የሶዶን የቤት ለቤት ሥራ የተሸከመው የጥናት በጀት ነበር። ክትባቱን፣ የእናቶችን ክትትልና የመጸዳጃ ቤት ዘመቻውን ይዛ በምትሮጥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ላይ ይህን መደረብ ርካሽ ይመስላል፤ ከወረቀት የማያልፍ ርካሽ። ዞኑ ቢያንስ በአንድ ወረዳ ለዚሁ ሥራ ብቻ የሚከፈለው ሰው ይመድብ፤ በዓመቱ መጨረሻም ከቀጠሮ የቀሩትን ስም ዝርዝር ይጠይቀው።