ዘጋቢ ፊልምና የእውነት ዕዳ

ዘጋቢ ፊልም የሚያዘጋጅ ሰው ከተመልካቹ ጋር ቃል ኪዳን አለው፤ ይኸውም «የማሳይህ በእርግጥ ያለውን ነው» የሚል ነው። በእኔ አስተያየት፣ የዚህ ሰው ሙያ ከሁሉ አስቀድሞ ሊመዘን የሚገባው ይህን ቃል በመጠበቁ ነው። ለዚህም የአሜሪካዊው የፊልም ዳይሬክተር የሮበርት ፍላኸርቲ የሥራ ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል።

ፍላኸርቲ ወደ ሰሜን ካናዳ የበረዶ ምድር በመጀመሪያ የሄደው ማዕድን ፍለጋ ነበር። በዚያ የሚኖሩትን የኢኑዊት ሰዎች ኑሮ በፊልም ቢያነሣም፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1916 ዓ.ም. ከእጁ በወደቀ ሲጋራ ዋናው ፊልም ተቃጠለበት። እርሱ ግን ተስፋ ሳይቆርጥ በ1920 ተመልሶ ሄደና «ናኑክ ኦቭ ዘ ኖርዝ» የተባለውን ፊልም በ1922 ለሕዝብ አቀረበ። በዚህም ስሙ በዓለም ታወቀ። ትዕግሥቱ የሚያስመሰግነው ነው።

ይሁን እንጂ በፊልሙ የሚታየው ሁሉ እንዳለ የተገኘ አልነበረም። «ናኑክ» የተባለው አዳኝ እውነተኛ ስሙ አላካሪያላክ ነበር። አዳኞቹ በጠመንጃ መጠቀም ከጀመሩ በኋላ፣ ለፊልሙ ሲባል እንደ ጥንቱ በጦር እንዲያድኑ ተደረገ። ብርሃን እንዲገባም የበረዶው ቤት አንዱ ወገን ክፍት ሆኖ ተሠራ። በ1934 በወጣው «ማን ኦቭ አራን» በተባለው ፊልምም፣ የአየርላንድ ደሴት ነዋሪዎች ከብዙ ዘመን በፊት የተተወውን የሻርክ አደን እንደ አዲስ ተምረው እንዲታዩ አደረገ።

አንዳንዶች «ሊጠፋ የተቃረበውን የአባቶች ሥርዓት ለትውልድ አተረፈ» ሲሉ ይከራከሩለታል። አባባሉ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን መለየት ያሻል። ለብርሃን ሲባል ቤቱን ክፍት ማድረግ የመሣሪያው ድካም ያስገደደው ነው። ጠመንጃውን መሰወር ግን ሰዎቹን ከዘመናቸው ውጭ የሚኖሩ ያስመስላቸዋል። የሩቅ አገር ተመልካች በስፍራው ተገኝቶ ሊያጣራ አይችልምና ያየውን አምኖ ይቀበላል።

መፍትሔውም ሩቅ አልነበረም። ፊልሙ ድምፅ አልባ በመሆኑ በየመካከሉ ጽሑፍ ይታይበት ነበር። «አባቶቻቸው እንዲህ ያድኑ ነበር» የሚል አንድ መስመር ቢጨመርበት ኖሮ ውበቱ ሳይጓደል እውነቱ በተጠበቀ ነበር።

እናንተም ተማሪዎች ስለ አካባቢያችሁ ድርሰት ስትጽፉ ያያችሁትን ከሰማችሁት፣ የዛሬውን ከትናንቱ ለዩ። አንባቢ ያመናችሁ በስፍራው የነበራችሁት እናንተ ስለ ሆናችሁ ነውና።