«ሐራራ» ከየት ይመጣል? ጫትና አንጎል በሲኒማ ራስ ዙሪያ

በመርካቶ ሲኒማ ራስ አካባቢ ከቀትር በኋላ የሚያልፍ ሰው በኮባ የተጠቀለለ የጫት እስር ሳያይ አያልፍም። በየበርጫው ከሚቀመጡት መካከል ማዕተብ ያሰሩ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ያደጉ ልጆቻችን እንዳሉም እናውቃለን። «ይህ የእኛ ምእመናን ችግር አይደለም» የሚለው አነጋገር ከእውነታው ጋር አይስማማም።

በጫት ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ተለይቶ የታወቀ ሲሆን፣ በተፈጥሮው ለአምፌታሚን የቀረበ ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ ኃይሉን ያጣል። ጫት በኮባ የሚጠቀለለው፣ ከወንዶና ከአወዳይ የሚጭኑት መኪኖችም በአስፈሪ ፍጥነት የሚከንፉት ስለዚህ ነው።

አንጎላችን ደስታንና ተስፋን የሚያስተላልፍበት ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር አለው። ይህም በልክ ይፈስሳል፤ ሥራውን ሲጨርስም ወደ ነርቩ ይመለሳል። ካቲኖን ግን ዶፓሚኑ ያለ ልክ እንዲፈስስና እንዳይመለስ ያደርጋል፤ «ምርቃና» የሚባለውም ይኸው ነው። እንደ ኮኬይንና ሜታምፌታሚን ያሉ ብርቱ አነቃቂዎችን በሚያዘወትሩ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በአንጎላቸው የዶፓሚን ተቀባዮች ቀንሰው እንደተገኙ አሳይተዋል። የለመዱት መጠን አያረካም፤ ያለ እርሱ ደግሞ ዓለሙ ሁሉ ይደበዝዛል። የጫት ኃይል ከእነዚህ ያነሰ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎችም እ.ኤ.አ. በ2006 ጫት በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር እንዲገባ አልመከሩም። ነገር ግን የሚሄድበት መንገድ ተመሳሳይ ነው፤ በየቀኑ ለሚቅም ሰው የኃይሉ ማነስ ብዙ አያጽናናውም።

አንጎል ከዕፁ ጋር ቦታውን፣ ሰዓቱንና ጓደኛውንም አብሮ ይማራል። ከተወ ወራት የተቆጠሩለት ወጣት በሲኒማ ራስ በኩል ሲያልፍ የኮባው ሽታ ብቻ ሐራራውን ሊቀሰቅስበት ይችላል። ይህን እንደ ንስሐው ሐሰተኛነት መቁጠር በደል ነው።

ጫት የምግብ ፍላጎትን ስለሚዘጋ «በጾም ይረዳኛል» የሚሉም አይጠፉም። በዕፅ የደነዘዘ ረኀብ ጾም ሊባል አይችልም፤ የሚጾም ሰው ረኀቡን እያወቀ ይታገሠዋልና።

ጫትን የሚተው ሰው ድካም፣ ድብርትና ሕዝባችን «ዱካክ» የሚለው አስጨናቂ ቅዠት ይገጥመዋል። ብዙ ቤተሰብ ዱካክን የርኵስ መንፈስ ሥራ ብቻ አድርጎ በማየት ሐኪም ሳያማክር ይቀራል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና የኤችአይቪ መድኃኒት እንደማይቃረኑ አስተምረው ነበር፤ ለሱስም ይኸው ትምህርት ይሠራል ብለን እናምናለን። የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሚገኘውም በዚያው በአዲስ ከተማ ነው።

ስለዚህ የንስሐ አባቶች «ተው» ከማለት ባሻገር፣ ልጃቸው ከሥራ ወደ ቤቱ በየት በኩል እንደሚሄድ፣ ከሰባት ሰዓት በኋላ ከማን ጋር እንደሚውል ቢጠይቁት መልካም ነው። ሰንበት ትምህርት ቤቶችም የቅዳሜ ከሰዓት መርሐ ግብራቸውን በዚህ ዓይን ቢያዩት ለብዙዎች መጠጊያ ይሆናል፤ የበርጫው ሰዓት ያ ነውና።