ስንት ተተከለ? ስንትስ ጸደቀ?

በትምህርት ቤት ሳይመዘን የሚያልፍ ተማሪ የለም። የክፍል ሥራ አለ፣ ፈተና አለ፣ በዓመቱ መጨረሻ ሰርተፊኬት አለ። ሰርተፊኬቱን የሚቀበል ወላጅ ልጁ ስንት ቀን ክፍል እንደገባ ብቻ ሰምቶ ወደ ቤቱ አይመለስም፤ ምን እንዳወቀ ይጠይቃል፣ በየትኛው ትምህርት እንደደከመ ፈልጎ ያያል። በልጆቻችን ላይ እንዲህ የምንጠብቅ ሰዎች ግን አገርና ማኅበር በሚያሠራቸው ሥራዎች ላይ እንላላለን። ስንት ኪሎ ሜትር ተሠራ፣ ስንት ብር ወጣ፣ ስንት ሰው ተሳተፈ የሚለውን ሰምተን፣ አጨብጭበን እንለያያለን። «ታዲያ በሰዉ ኑሮ ላይ ምን ለወጠ?» ብሎ የሚጠይቅ ከተገኘም እንደ ሥራ አደናቃፊ ይታያል።

እኔ የማምነው ግን ይህ ጥያቄ ሳይመለስ የትኛውም የሕዝብ ሥራ «ተጠናቀቀ» ሊባል እንደማይገባው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገራችን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። ሽማግሌው፣ ተማሪው፣ ሚኒስትሩ አካፋ ይዞ የወጣበት በጎ ሥራ ነበር። ይሁን እንጂ የችግኝ ውጤት በተተከለበት ዕለት አይታወቅም። ሁለትና ሦስት በጋ ማለፍ አለበት። አማርኛችን ይህን ከእኛ በፊት አውቆታል፤ «ተተከለ» አንድ ቃል ነው፣ «ጸደቀ» ሌላ ቃል። አንዱ የእኛን ድካም ይናገራል፣ ሌላው የችግኙን ዕድል። የሪፖርት ወረቀቶቻችን በመጀመሪያው ቃል ተሞልተው ሁለተኛውን ሲዘነጉ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት ይደርስብናል።

ካርቱም ለምንኖር ሰዎች የዚህን ነገር ክብደት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በነሐሴ ወር ሞግረን ላይ ቆሞ ሁለቱ ወንዞች ሲገናኙ ላየ ሰው ጥቁር ዓባይ ቡናማ ሆኖ፣ ወፍሮ ነው የሚወርደው። ያ ቀለም የጎጃም፣ የወሎ፣ የሸዋና የወለጋ ማሳ አፈር ነው። በሱዳን ምድር የሚገኘው የሮዛይረስ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1966 ሲጠናቀቅ 3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይይዝ ነበር። ባለሙያዎች የሐይቁን ጥልቀት በየጊዜው እየለኩ ሲመለከቱት፣ ከአርባ ዓመት በኋላ ከዚያ ቦታ ሲሶ ያህሉን ደለል ወስዶት ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2013 ግድቡ በ10 ሜትር ከፍ ተደርጎ ሥራው ተጠናቀቀ። ማንም ባይለካ ኖሮ ግድቡ ከላይ ሲያዩት ያው ግድብ ነበር፤ ውሃው ሲያጥር ብቻ ነበር የሚታወቀው።

ያንን አፈር እላይ በተራራው ለማስቀረት በአገራችን ብዙ ተደክሟል። ከ1966ቱ ረሃብ በኋላና በደርግ ዘመን በ«ምግብ ለሥራ» ገበሬው በየተዳፋቱ እርከን ሠራ፣ ዛፍ ተከለ። በኪሎ ሜትርና በሄክታር ሲቆጠር ታላቅ ሥራ ነበር። መንግሥት በተለወጠበት በ1983 ዓ.ም. አካባቢ ግን በብዙ ቦታ ገበሬው ያንኑ እርከን በእጁ አፈረሰው፣ ዛፉንም ቆረጠው። ለምን? ገበሬው አፈር መታጠቡን ስለማያውቅ ነው የሚል ሰው ቢኖር ስለ ገበሬው የሚያውቀው ነገር የለም።

መልሱን የሰጡት የለኩ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1981 የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት የሚባል ሥራ ጀመሩ። በጎጃም አንጀኒ፣ በሸዋ አንዲት ጥድ፣ በወሎ ማይባርና በሌሎችም ቦታዎች የመለኪያ ጣቢያ ተከሉ። የዘነበው ዝናብ፣ የወረደው ጎርፍ፣ ጎርፉ ይዞት የሄደው አፈር፣ ማሳው የሰጠው እህል ለዓመታት ተመዘገበ። በዚህ ሥራ ላይ የተመሠረተ አንድ የታወቀ ግምት፣ ከታረሰ መሬት በዓመት በአማካይ በሄክታር 42 ቶን አፈር ይታጠባል ይላል። እርከኑ ይህን መጠን በእርግጥ ቀንሶታል። ነገር ግን በአብዛኛው ቦታ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እህሉ አልጨመረም። ዝናብ በሚበዛበት ቦታ እርከኑ ውሃ እያቆረ ሰብሉን ጎዳ። ከማሳው ላይ ቦታ ወሰደ፣ በሬ ለማዞር አስቸገረ፣ የአይጥ መሸሸጊያም ሆነ።

እንግዲህ ሁለት መዝገብ ነበር ማለት ነው። በአንዱ መዝገብ ሥራው ተሳክቷል፤ እርከኑ ተሠርቷል፣ አፈሩም ቀርቷል። በሌላው መዝገብ የገበሬው ጎተራ ባለበት ነው። የልማቱ ኃላፊዎች የመጀመሪያውን አነበቡ፣ ገበሬው በሁለተኛው ኖረ። ሁለተኛውን መዝገብ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የተመለከተ ሰው ቢኖር ለደጋው ውሃ የሚያፋስስ እርከን፣ ለቆላው ውሃ የሚይዝ እርከን ብሎ መለየት ይችል ነበር። የገበሬው የዓመታት ድካምም በአንድ ክረምት አይፈርስም ነበር።

አንዳንድ ጉዳት ደግሞ ካልፈለጉት አይታይም። ከካርቱም በስተደቡብ ያለው የገዚራ የመስኖ እርሻ እ.ኤ.አ. በ1925 የሰናር ግድብ ሲያልቅ የተከፈተ ነው፤ በኋላም ከመናግል ጋር ከ2 ሚሊዮን ፈዳን በላይ ሆኗል። በጥጡ ብዛት ከመዘኑት ሱዳንን ያቆመ ሥራ ነው። ይሁንና ዓመቱን ሙሉ ውሃ የማይለየው ቦይ ቀንድ አውጣውንና የወባ ትንኟን አብሮ አራባ። ቢልሃርዝያ በቦዩ የሚዋኙትን ልጆች አጠቃ። የጥጥ መዝገብ ይህን አያሳይም፤ ያሳየው የልጆቹን ሰገራና ሽንት የመረመረው ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በገዚራ የጥቁር ዓባይ የጤና ፕሮጀክት ንጹሕ ውሃን፣ መጸዳጃ ቤትን፣ ሕክምናንና የቀንድ አውጣ መከላከልን አጣምሮ ሲሠራ በሽታው በእጅጉ ቀነሰ። መቀነሱም የታወቀው በየጊዜው ስለተለካ ነው።

ወደ ራሳችን ጉዳይ፣ ወደ ትምህርት ልመለስ። በአገራችን በ1987 ዓ.ም. አካባቢ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የነበሩት ልጆች ወደ 3 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ከ15 ሚሊዮን በልጠዋል። ይህ የሚያኮራ ነው፤ በተለይ ለሴቶች ልጆችና ለገጠሩ። ግን እነዚህ ልጆች ምን ተማሩ? በ1992 ዓ.ም. በተጀመረው አገር አቀፍ የትምህርት ምዘና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች አማካይ ውጤት 41 በመቶ አካባቢ ነበር፤ በ2000 ዓ.ም. ከ36 በመቶ በታች ወረደ። በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች በተደረገ የንባብ ምዘና ደግሞ ሁለተኛ ክፍልን ከሚጨርሱት ልጆች ሲሶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። ክፍል ገብተዋል፣ በስም መጥሪያው ላይ አሉ፣ ማንበብ ግን አልጀመሩም።

ይህ ውጤት ለሚሰማው መራራ ነው። ግን ያስገኘውን እንይ። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማረጋገጫ ፓኬጅ ሥራ ላይ ሲውል ትኩረቱ ከመማሪያ ክፍል ብዛት ወደ መጻሕፍት፣ ወደ መምህራን ሥልጠናና ወደ ትምህርት ቤት ድጋፍ ዞረ። ከንባብ ምዘናው በኋላም የአፍ መፍቻ ቋንቋ የንባብ መጻሕፍት እንደገና እንዲዘጋጁ ተደረገ። ችግሩ ገና አላለቀም። ነገር ግን ውጤቱ ተደብቆ ቢሆን ኖሮ ሌላ ብዙ ሚሊዮን ልጅ በዚያው መንገድ ያልፍ ነበር።

አንዳንዶች «ግምገማ» ሲባሉ ፊታቸው ይጠቁራል፤ አይፈረድባቸውም። በአገራችን ይህ ቃል ለብዙ ዓመታት ሰው በስብሰባ መካከል ቆሞ ራሱን የሚከስበት፣ ባልደረባውም የሚከሰስበት ነበር። እንዲህ ያለው ግምገማ ሰውን ዝም ማለት ያስተምራል። የተቀጣ ሠራተኛ በሚቀጥለው ዓመት ጥሩ ሥራ ሳይሆን ጥሩ ወሬ ይዞ ይመጣል። እኔ የምለው የሥራውን ምዘና ነው። ሥራውን ስንመዝን መጥፎውን ዜና ያመጣው ሰው ሊመሰገን ይገባዋል።

ዜናው ሲዘገይ ምን እንደሚያስከፍል የህዳሴ ግድባችን አሳይቶናል። ግድቡ ስንት በመቶ እንደደረሰ ለዓመታት በየዜናው ስንሰማ ቆየን፤ እዚህም ያለነው ቦንድ እየገዛን ጠበቅን። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ግን ሜቴክ የያዘው የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራ እጅግ መዘግየቱ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ተነገረ፣ ውሉም ከድርጅቱ ተነሣ። አንዲት የመቶኛ ቁጥር ይህን ሁሉ ሸፍና ልትቆይ ትችላለች። ስለዚህ የሚመዝነው ሰው ከሚሠራው ሰው የተለየ መሆን አለበት፣ ውጤቱም ለከፈለው ሕዝብ በጊዜው መነገር አለበት።

«ምዘና ገንዘብና ጊዜ ይፈጃል» የሚል ክርክርም አለ። እውነት ነው፣ ይፈጃል። ለእያንዳንዱ ትንሽ ሥራ ከውጭ አጥኚ ይምጣ አልልም። ለትንሽ ሥራ ትንሽ ምዘና ይበቃል፤ ዋናው ከሥራው በፊት መጀመሩ ነው። ተማሪው ወደ ማጠናከሪያ ትምህርት ሲገባ ምን ያውቅ እንደነበር ካልተመዘገበ ሲወጣ ምን እንደጨመረ ማንም ሊናገር አይችልም።

ይህ ነገር የእኛንም ግቢ ይመለከታል። በሰው ቤት ሠርታ ወይም ሻይ ሸጣ የልጇን ክፍያ የምታመጣ እናት ገንዘቧ የላብ ገንዘብ ነው። የእሷ አምስት ፓውንድ ለምን እንደዋለ ከመስማት በላይ ልጇን ምን እንደጠቀመ ማወቅ ይገባታል። ስለዚህ አንድ ቀላል ሐሳብ አቀርባለሁ። በዚህ የዓመት መጽሔት ላይ በየዓመቱ አንድ ገጽ ይለይ፤ በሦስት ዓምድ ይከፈል። በመጀመሪያው በዓመቱ መግቢያ ያቀድነው፣ በሁለተኛው የሠራነው፣ በሦስተኛው በተማሪዎቹ ላይ የታየው ለውጥ ይጻፍ። ለውጥ ካልታየ «አልታየም» ተብሎ ይጻፍ። ያንን ቃል የጻፈ መምህር ወይም የኮሚቴ አባል በወላጆች ስብሰባ ላይ እንዳይወቀስ ደግሞ እኛ ወላጆች ቃል እንግባ።

እናንተም ተማሪዎች በዚህ ሥራ ቦታ አላችሁ። የንባብ ሰዓት ቢጨመር ጠቅሞ እንደሆነ፣ የትኛው መጽሐፍ ሳይከፈት እንደከረመ፣ የትኛው ትምህርት ሳይገባችሁ እንደታለፈ ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ስትጠየቁ ለማስደሰት ሳይሆን የሆነውን ተናገሩ። ነገ ከእናንተ መካከል መሐንዲስ፣ ሐኪም፣ የግብርና ባለሙያ የሚሆን አይጠፋም። በዚያን ጊዜ ሥራችሁን ጨርሳችሁ ሪባን ከተቆረጠ በኋላ ከሁለት ክረምት በኋላ ተመልሳችሁ ሂዱ። ገበሬውን ስለ እርከኑ፣ እናቲቱን ስለ ውሃው ጠይቁ፤ የሚሉትንም ሳትቀንሱ ጻፉት።