ይጠገን ወይስ ይለወጥ?





እኅቴ በሰው አገር ሠርታ ለልጇ የላከችለት በእጅ የሚያዝ ጌም ባለፈው ክረምት ተበላሸ። ማንም ሳይነካው በመስተዋቱ ላይ ያለው ሥዕል ብቻውን ወደ ግራ ይሄዳል። ልጁ የሚያድገው በእኔ ቤት ስለ ሆነ ነገሩ በእኔ ላይ ወደቀ። የሥራ ባልደረቦቼ «መጫወቻ አይደለም ወይ፤ ጣለው» አሉኝ። እኅቴም በስልክ «ተወው ወንድሜ፤ ሌላ እልካለሁ» አለች። እኔ ግን እርስዋ ሌላ እልካለሁ ስትል ስንት ወር የሰው ቤት ማጽዳት እንደ ሆነ አውቃለሁ።

የፊዚክስ መምህር ነኝና ነገሩን መረመርሁ። በአውራ ጣት ከሚገፋው መሪ ሥር ቀጭን የካርቦን ንጣፍ አለ፤ በዚያ ላይ ትንሽ የብረት ምላስ ትመላለሳለች። ንጣፉ በመፋተግ ብዛት ሲበላ የኤሌክትሪኩ ልክ ይዛባል፤ መሣሪያውም ሳይነካ የተነካ ይመስለዋል። በክፍል ከማስተምረው ተለዋዋጭ ተከላካይ የተለየ አይደለም። ስለዚህ የተበላሸችው አንዲት ቁራጭ ናት እንጂ መላው ዕቃ አይደለም።

እንጅባራ ያሳየሁት ጠጋኝ በአልኮል አጥቦ መለሰልኝ፤ ሳምንት ሠርቶ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። አልፈርድበትም፤ የተበላ ንጣፍ ታጥቦ አይድንም። ባሕር ዳር ያለ አንድ ወጣት ግን መለዋወጫውን ከአዲስ አበባ አስመጥቶ ለወጠው። ይህ መሪ ኤድዊን ሆል የተባለው አሜሪካዊ በ1879 እ.ኤ.አ. ባገኘው መንገድ በማግኔት የሚሠራ ስለ ሆነ የሚፋተግ ንጣፍ የለውም። የከፈልሁት ሁሉ ለፋሲካ ከሚገዙ ሁለት ዶሮዎች ዋጋ አይበልጥም። አዲስ መግዛት ግን፣ በተለይም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከሁለት ወር ደመወዜ በላይ ነው።

ሁሉ ይጠገን አልልም። ባትሪው ያበጠ ዕቃ ለልጅ እጅ አይሰጥም። ውኃ ገብቶ ዋናው ሰሌዳ የዛገ እንደ ሆነም ገንዘብ ማፍሰስ ከንቱ ነው። የእኔ አሳብ የአዲሱን ዋጋ ከመጠየቃችን በፊት የተበላሸችውን ቁራጭ ዋጋ እንጠይቅ ነው። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚሰለፈውን የአዊን ፈረሰኛ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ጠፍሩ ስለ ተበጠሰ ኮርቻውን የሚጥል የለም።

ይህን ለመንግሥት ሠራተኞች መጻፌ ያለ ምክንያት አይደለም። «ከአገልግሎት ውጭ» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸው በየመሥሪያ ቤቱ ግምጃ ቤት የተከመሩ ኮምፒዩተሮችና ማተሚያዎች ስንቶች ናቸው? ከነዚህስ ውስጥ ኃይል ሰጪው ብቻ የተቃጠለበት ስንቱ ነው? የአውሮፓ ኅብረት እንኳ በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ፣ ስልክና ማቀዝቀዣ የመሳሰሉትን የሚሠሩ ፋብሪካዎች ከዋስትናው ጊዜ በኋላም በተገቢ ዋጋ እንዲጠግኑ አስገድዷል። እኛ ዘንድ አንድ ዕቃ ከመወገዱ በፊት ጠጋኝ አይቶ ይፈርምበት ቢባል ምን ይጎዳል? በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የወንበር እግር የሰበረ ተማሪ ራሱ ሳይጠግን ክፍል አይገባም ነበር፤ ያን ጊዜ ቅጣት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

የእኅቴ ልጅ ተፈትቶ የወጣውን አሮጌ መሪ ሰጥቶኛል። በሚመጣው ሳምንት ከፍቼ የተበላውን ንጣፍ ለተማሪዎቼ አሳያቸዋለሁ።

አንድ መምህር
ከጥርባ