ቅቤ ስለምን ይቀልጣል? ቤንዚንስ ስለምን ይተንናል?

ከጭሮ ከተማ፣ ከቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ፣ በማለዳ የተነሣ ቅቤ በቅሉ ውስጥ እንደ ረጋ ይጓዛል። ወደ ሚኤሶ ቆላ ሲወርድ ግን ዳር ዳሩን መለስለስ፣ ቀጥሎም መቅለጥ ይጀምራል። በቦኬ ያለች የቤት እመቤትም ቅቤዋን በቀትር ከጥላ፣ ሌሊት ከፈለገችው ስፍራ የምታስቀምጠው ስለዚሁ ነው። ቅቤው ያው ቅቤ ነው፤ የተለወጠው ሙቀቱ ብቻ ነው። ይህን የምናነሣው ለጨዋታ አይደለም። የቅቤውን መቅለጥ ምክንያት የተረዳ ቤተ ሰብ ቤቱን ከቃጠሎ የሚጠብቅበትን ዕውቀት አብሮ ያገኛልና ነው።

ማናቸውም ነገር ሞለኪውል ከሚባሉ፣ በዓይን ከማይታዩ ደቂቅ ቅንጣቶች የተሰበሰበ ነው። እነዚህም ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው ይሳሳባሉ፤ ሙቀት ደግሞ ያናውጣቸዋል። መሳሳቡ ሲበረታ ነገሩ ጠጣር ይሆናል፤ ሙቀቱ ሲያይል ይቀልጣል፤ ሙቀቱ ፈጽሞ ሲያሸንፍ ቅንጣቶቹ ተለያይተው ይተንናሉ። የሆላንዱ ሊቅ ዮሐንስ ፋን ደር ቫልስ ይህን መሳሳብ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1873 በጻፈው ጥናት ስላስረዳ፣ እስከ ዛሬ ድረስ ኃይሉ በስሙ ይጠራል። እርሱም በ1910 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ።

ቅቤና የሰሊጥ ዘይት በባሕርያቸው ዘመዳሞች ሲሆኑ፣ አንዱ ረግቶ ሌላው ፈስሶ የምናየው ስለዚሁ ነው። ቀጥ ያለ እንጨት ተጠጋግቶ ይታሰራል፤ ጠማማ እንጨት ግን እስሩ ይላላል። የቅቤ ቅንጣቶች አብዛኛውን ቀጥ ያሉ ስለ ሆኑ ተቀራርበው ይያያዛሉ፤ የሚቀልጡትም ከ32 እስከ 35 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ነው። የዘይት ቅንጣቶች ግን ብዙዎቹ ጎባጣ ስለ ሆኑ ሳይጠጋጉ ይቀራሉ፤ ስለዚህ ዘይቱ በደጋ ብርድ እንኳ ይፈሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንመለስ። የምግብ ማብሰያ ጋዝ፣ ቤንዚን፣ ላምባና ሻማ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ሁሉም በብዛት ከካርቦንና ከሃይድሮጅን የተሠሩ ናቸው፤ የሚለያዩት ይልቁንም በሰንሰለታቸው ርዝመት ነው። የማብሰያው ጋዝ 3 ወይም 4 ካርቦን ብቻ ስላለው መሳሳቡ ደካማ ነው፤ በሲሊንደር ታምቆ ካልተያዘ ይበናል። ቤንዚን ከ4 እስከ 12፣ ላምባ ከ10 እስከ 16 የሚያህል ካርቦን አላቸው። ሻማ ከ20 በላይ ስለ ሆነ ረግቶ ይቆማል። ረዥም ገመድ ከረዥም ገመድ ጋር በብዙ ስፍራ እንደሚያያዝ፣ ሰንሰለቱ በረዘመ ቍጥር መያያዙ ይጠብቃል፤ ትነቱም ይቀንሳል።

አደጋውም ከዚህ ይወለዳል። እሳት የሚይዘው ፈሳሹን ሳይሆን ከፈሳሹ የሚወጣውን ትነት ነው። ላምባ ለመቀጣጠል የሚበቃ ትነት የሚሰጠው ሙቀቱ ከ38 ዲግሪ በላይ ሲሆን ነው። ቤንዚን ግን ከውሃ መርጊያ 40 ዲግሪ ያህል ዝቅ ባለ ብርድ እንኳ ይህን ትነት ይሰጣል። ትነቱም ከአየር ስለሚከብድ ወለሉን ይዞ ሳይታይ ወደ ምድጃ ይደርሳል። እንግዲህ ሕዝቡ ሃይላንድ በሚለው የላስቲክ ጠርሙስ የተቀመጠውን ቤንዚን አንድ ልጅ ላምባ መስሎት በኩራዝ ቢሞላው፣ መብራት ሳይሆን ቃጠሎ አበራ ማለት ነው። በላምባ ላይ ጥቂት ቤንዚን መጨመርም የላምባውን ደኅንነት ያጠፋል። በቆላ አገር ቀትሩ ሲያቃጥል ደግሞ ላምባው ራሱ ወደ 38 ዲግሪ ስለሚቀርብ ጥንቃቄው ሊበዛ ይገባዋል።

እሳቱ ከተነሣ ብዙ ሰው ወደ ውሃ ይሮጣል፤ ይህም ስሕተት ነው። የውሃ ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው አጥብቀው ስለሚያያዙ ዘይትንና ቤንዚንን በመካከላቸው አያስገቡም። ስለዚህ የሚነደው ቤንዚን በውሃው ላይ ተንሳፎ እሳቱን ይዞ ይስፋፋል። በመጥበሻ ለነደደ ዘይት የተደፋ ውሃም ወደ ታች ሰጥሞ በቅጽበት ይፈላና የሚነደውን ዘይት ወደ ላይ ይረጨዋል። መድኃኒቱ አየር መከልከል ነው። መጥበሻውን በክዳን መግጠም፣ በመሬት ላይ የፈሰሰውንም በአሸዋ ወይም በደረቅ አፈር መሸፈን ይገባል።

ስለዚህ የቤቱ ጌታና እመቤት ሦስት ነገር እንዲያጸኑ እንመክራለን። ቤንዚን ከመኖሪያ ቤት አይደር። የላምባው ዕቃ ስሙ በጉልህ ይጻፍበት፤ ለሌላ ነገርም አይዋል። በቤት የሚያገለግሉና ልጆችም ኩራዝ ሳይጠፋና ሳይበርድ ላምባ እንዳይሞሉ ይማሩ። ይህን ትእዛዝ ብቻ አድርጎ ከመስጠት ይልቅ፣ የቅቤውን መቅለጥ እያሳዩ ምክንያቱን ማስረዳት ይሻላል፤ ምክንያቱን ያወቀ ልጅ ጌታው በሌለበትም ይጠነቀቃልና። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህም ይሠራል።